ስክሪኑ ሲጠፋ በእጅ የሚቀረው

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

ስለ ግድብ፣ ስለ መንገድና ስለ ኃይል ማመንጫ ሲነገርበት በኖረ መድረክ ላይ ስለ ልጆች መጫወቻ ለመናገር መነሣት ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ መጫወቻ ሰው በሕይወቱ መጀመሪያ የሚጨብጠው መሣሪያ ነው። ልጅ ስለ ክብደትና ስለ ሚዛን፣ ስለ ፍጥነትና ስለ ስብራት ያለ አስተማሪ የሚማረው በመጫወቻው ነው። ስለዚህ በመጫወቻ አሠራር ላይ ትልቅ ለውጥ ሲመጣ፣ ነገሩ የመሐንዲስ ጉዳይ አይደለም ሊባል አይቻልም።

ዛሬ የምናገርበት ለውጥ በእጅ የሚዳሰሰውን መጫወቻ ኮምፒዩተር ከሚፈጥረው ምስል ጋር የማጋባት ሥራ ነው። አሻንጉሊቱ፣ መኪናው ወይም ጡቡ በልጁ እጅ ላይ እንዳለ ሆኖ፣ የጨዋታው ሌላ ግማሽ በስልክ፣ በቴሌቪዥን ወይም በራስ ላይ በሚጠለቅ መሣሪያ ውስጥ ይካሄዳል። ይህ ጋብቻ አንዳንድ ጊዜ እጅግ ያማረ ውጤት አሳይቷል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ልጁ ውድ ዋጋ የተከፈለበትን ዕቃ በድን ሆኖ ታቅፎት እንዲቀር አድርጓል። የልዩነቱ ምክንያት ምንድን ነው? ዛሬ ልመልሰው የምሞክረው ጥያቄ ይህ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በመጀመሪያ በቃላቱ እንስማማ። ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚባለው፣ ተመልካቹ ዓይኑን የሚሸፍን መሣሪያ አጥልቆ፣ ያለበትን ክፍል ረስቶ፣ ኮምፒዩተር በሠራው ዓለም ውስጥ የሚገኝ መስሎ የሚሰማው ሁኔታ ነው፤ በአማርኛ ምናባዊ እውነታ ይባላል። ኦግመንትድ ሪያሊቲ ደግሞ ተመልካቹ ያለበትን ክፍል እያየ፣ በዚያው ላይ ኮምፒዩተሩ የሠራው ምስል የሚደረብበት ነው፤ ስለዚህ በዚህ ንግግር ተደራቢ እውነታ እያልሁ እጠራዋለሁ። ፖል ሚልግራምና ፉሚዮ ኪሺኖ በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሁለቱ የተለያዩ ዓለማት ሳይሆኑ በአንድ መሥመር ላይ ያሉ ደረጃዎች መሆናቸውን አስረድተዋል። በመሥመሩ አንድ ጫፍ እውነተኛው ክፍል አለ፤ በሌላው ጫፍ ፍጹም ምናባዊው ዓለም አለ፤ በመካከሉ ደግሞ የሁለቱ ቅልቅል በልዩ ልዩ መጠን ይገኛል። የምንነጋገርበት መጫወቻ የሚኖረው በዚህ በመካከለኛው ስፍራ ነው።

የዚህ ዘዴ ሥር ከመጫወቻ ሱቅ የበቀለ አይደለም። ኢቫን ሰዘርላንድ በ1968 በራስ ላይ የሚጠለቅ ማሳያ ሠርቶ ሲያሳይ፣ መሣሪያው ከጣራ ጋር በተያያዘ ክንድ የተደገፈ ነበር። ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚለውን ስም ያስተዋወቁት በቦይንግ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ቶም ኮዴልና ዴቪድ ሚዜል ሲሆኑ፣ በ1992 ባቀረቡት ጽሑፍ ያሰቡት ስለ አውሮፕላን ፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ስለ ልጅ አልነበረም። በ1997 ሂሮሺ ኢሺና ብሪግ ኡልመር ከኤም አይ ቲ ሆነው፣ ሰው ከኮምፒዩተር ጋር በመስታወት ላይ በሚታይ ሥዕል ብቻ ሳይሆን በእጅ በሚጨበጥ ዕቃ ጭምር መነጋገር እንዳለበት ተከራከሩ። በ1999 ደግሞ ሂሮካዙ ካቶና ማርክ ቢሊንግኸርስት ያቀረቡት ዘዴ፣ በወረቀት ላይ የታተመ ጥቁር ካሬ በካሜራ ፊት ሲቀርብ ኮምፒዩተሩ በካሬው ላይ ምስል እንዲያቆም አስቻለ። እነዚህ ሁሉ ሥራዎች ተደምረው ነው ከ10 ዓመት በላይ ቆይተው በመጫወቻ መልክ ወደ ቤት የገቡት።

እንግዲህ ዕቃውና ምስሉ የሚገናኙት እንዴት ነው? ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው በመጫወቻው ውስጥ ትንሽ ቺፕ መቅበር ነው። አክቲቪዥን የተባለው ኩባንያ በጥቅምት 2011 ባወጣው ስካይላንደርስ በተባለ ጨዋታ፣ ልጁ አሻንጉሊቱን በአንድ መደብ ላይ ሲያኖረው ያው ፍጡር በቴሌቪዥኑ ውስጥ ይነሣል። ኒንቴንዶም ከኅዳር 2014 ጀምሮ አሚቦ በተባሉት ምስሎቹ ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ቺፑ ባትሪ የለውም፤ ኃይል የሚያገኘው አንባቢው መሣሪያ በ13.56 ሜጋኸርዝ ከሚያሰራጨው መስክ ሲሆን፣ የሚነበበውም በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ብቻ ነው። በአሚቦ ውስጥ ያለው ቺፕ ለተጠቃሚ የሚተወው ቦታ 504 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው የኮምፒዩተር አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ያ ቦታ ለ168 ፊደላት ብቻ ይበቃል ማለት ነው። ሆኖም የአንድን ፍጡር ስም፣ ደረጃና ታሪክ ለማስቀመጥ ከዚህ የበለጠ አያስፈልግም። የዘዴው ጉድለት ቺፑ መኖሩን እንጂ የት እንዳለና ወዴት እንደ ዞረ አለመናገሩ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ካሜራ ነው። የካሬው ጎን ስንት ሴንቲሜትር እንደ ሆነ አስቀድሞ ከታወቀ፣ ኮምፒዩተሩ አራቱ ማዕዘኖች በፎቶግራፉ ውስጥ ያረፉበትን ነጥብ ለይቶ፣ ካሬው ከካሜራው ምን ያህል እንደ ራቀና ወደ የት እንዳዘነበለ በጂኦሜትሪ ያሰላል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማርነው የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሕግ በዚህ ስፍራ ሥራ ላይ ይውላል። አፕል በ2017፣ ጉግል ደግሞ በ2018 ለስልኮች ባወጧቸው መሣሪያዎች አማካይነት፣ ያለ ምልክትም ቢሆን የጠረጴዛን ገጽ ለይቶ ምስል ማቆም ተችሏል።

ሦስተኛው መንገድ እንቅስቃሴን የሚለካ ሴንሰር በዕቃው ውስጥ ማኖር ነው። በራስ ላይ ከሚጠለቁት መሣሪያዎች ጋር የሚሸጡት የእጅ መያዣዎች ይህን ዘዴ ከካሜራ ጋር አጣምረው ይጠቀማሉ። ዘዴው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የስሌቱ ስሕተት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ብቻውን አይታመንም፤ ባትሪም ይፈልጋል።

በሦስቱም መንገዶች የመሐንዲሱ ትልቅ ጠላት መዘግየት ነው። የልጅ እጅ በሴኮንድ 1 ሜትር ቢንቀሳቀስና ምስሉ በ50 ሚሊሴኮንድ ቢዘገይ፣ ምስሉ ከዕቃው 5 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ ይቀራል። በ20 ሚሊሴኮንድ እንኳ ልዩነቱ 2 ሴንቲሜትር ነው። በስልክ ስክሪን ላይ ይህ ስሕተት ያስቃል እንጂ አይጎዳም፤ ዓይን በሚሸፍን መሣሪያ ውስጥ ግን ራስ ሲዞር ዓለሙ ዘግይቶ ሲከተል ያጥወለውላል።

እነዚህ ዘዴዎች በሚገባ ሲጣመሩ ምን ያህል እንደሚያምሩ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ኒንቴንዶ በጥቅምት 2020 ያወጣው ማሪዮ ካርት ላይቭ የተባለ መጫወቻ ካሜራ የተሸከመች ትንሽ መኪና ናት። ልጁ አራት የካርቶን በሮችን በቤቱ ወለል ላይ እንደ ፈለገ ይተክልና መኪናዋን እየነዳ የውድድሩን መንገድ ራሱ ይቀይሳል። በስክሪኑ ላይ የራሱ ሳሎን የውድድር ሜዳ ሆኖ ይታየዋል፤ የወንበሩ እግር ምሰሶ፣ የምንጣፉ ጫፍ ዳገት ይሆናል። በምናባዊው ዓለም የተወረወረ ነገር ሲመታው፣ በወለሉ ላይ ያለችው እውነተኛ መኪና ፍጥነቷ ይቀንሳል ወይም ትቆማለች። በእኔ አስተያየት የጋብቻው ምሥጢር ይህ ነው፤ በአንዱ ዓለም የተደረገው ነገር በሌላው ዓለም ክብደት ሊኖረው ይገባል። ዕቃው ወደ ስክሪኑ መግቢያ ቲኬት ብቻ ከሆነ፣ ልጁ ከጥቂት ቀን በኋላ ዕቃውን ጥሎ ስክሪኑን ብቻ ይይዛል።

ክቡራትና ክቡራን፤

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የሚዳሰሰው ዕቃና የማይዳሰሰው ሶፍትዌር ዕድሜያቸው እኩል አይደለም። የዴንማርኩ ሌጎ ኩባንያ የጡቡን አያያዥ በ1958 አስመዝግቧል፤ በዚያ ዘመን የተሠራው ጡብ ዛሬ ከሚሠራው ጡብ ጋር ይገጥማል። በአንጻሩ ደግሞ አፕል በ2017 የስልኩን ሥርዓት ሲያሻሽል፣ በቀድሞው ባለ 32 ቢት አጻጻፍ የተሠሩ መተግበሪያዎች ሁሉ በአዲሱ ሥርዓት ላይ መሥራት አቆሙ። አንዱ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ይወርዳል፤ ሌላው ልጁ አንደኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ ያልፍበታል። ሁለቱን ያጋባ መሐንዲስ ረጅም ዕድሜ ያለውን ከአጭር ዕድሜው ጋር አስሯልና፣ አጭሩ ሲሞት ረጅሙ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማሰብ ግዴታው ነው።

ለዚህ ነው ስለ ማናቸውም ዓይነት እንዲህ ያለ መጫወቻ መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ፣ አእምሮው የሚገኘው የት ነው? የሚል ነው የምለው። አእምሮው በሦስት ስፍራ ሊቀመጥ ይችላል፤ በመጫወቻው ውስጥ፣ በቤት ባለው መሣሪያ ውስጥ፣ ወይም ሩቅ አገር ባለ የኩባንያ ሰርቨር ውስጥ። የመጫወቻው ዕድሜ የሚወሰነው በዚህ ምርጫ ነው።

የመጀመሪያውን ስፍራ እንመልከት። በስካይላንደርስ የፍጡሩ ደረጃ የሚጻፈው በአሻንጉሊቱ ቺፕ ላይ ነው። ልጁ አሻንጉሊቱን በኪሱ ይዞ ወደ ጓደኛው ቤት ሲሄድ፣ የጓደኛው መሣሪያ ሌላ ኩባንያ የሠራው ቢሆን እንኳ፣ ያሳደገው ፍጡር አብሮት ይሄዳል። ለቤት መሣሪያ የተዘጋጀው የመጨረሻው ጨዋታ የወጣው በ2016 ቢሆንም፣ አሮጌውን ዲስክ፣ አሮጌውን መደብና አሮጌውን መሣሪያ በእንክብካቤ የያዘ ቤተሰብ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ዛሬም ይጫወታል። ንግዱ ሞተ እንጂ መጫወቻው አልሞተም። ዲዝኒም በነሐሴ 2013 የጀመረውን ኢንፊኒቲ የተባለ ተመሳሳይ ሥራ በግንቦት 2016 ሲያቆም 147 ሚሊዮን ዶላር ከሒሳቡ ላይ በኪሳራ መዝግቧል። ይህን ያህል ሀብት ያለው ድርጅት እንኳ ከሦስት ዓመት በኋላ እጁን ካነሣ፣ የማንም ኩባንያ የዘላለም ድጋፍ ተስፋ ሊታመን እንደማይችል ግልጽ ነው።

በሁለተኛው ስፍራ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ኒንቴንዶ በ2018 ያወጣው ላቦ ነው። ልጁ ካርቶን አጥፎ ፒያኖ ይሠራል፤ በቁልፎቹ ጀርባ ላይ ብርሃን የሚመልስ ወረቀት ይለጠፋል፤ የመሣሪያው ካሜራ በዓይን በማይታይ ብርሃን ያንን ወረቀት እያየ የትኛው ቁልፍ እንደ ተጫነ ይለያል። ካርቶኑ ቢቀደድ በማጣበቂያ ይጠገናል፤ ሶፍትዌሩም በእጅ በሚያዝ ካርድ ላይ የተሸጠ ስለሆነ የኩባንያውን ሱቅ ደጅ አይጠናም። ቀደም ብዬ ያመሰገንኋት የማሪዮ መኪና ግን እዚህ ላይ ጉድለት አለባት። መኪናዋ የምትነጋገረው በቤት ካለው መሣሪያ ጋር ብቻ ቢሆንም፣ ሶፍትዌሩ የሚገኘው ከኩባንያው የኢንተርኔት ሱቅ በማውረድ ነው። ይኸው ኩባንያ ለቀድሞዎቹ ሁለት መሣሪያዎቹ የከፈተውን ሱቅ በመጋቢት 2023 ለአዲስ ሽያጭ ዘግቷል። ይህች መኪና የተሠራችበት ሱቅ ተራው ሲደርስ ምን እንደሚሆን ከወዲሁ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው ስፍራ ከሁሉ የሚያሠጋው ነው። ከርእሳችን ጋር የቅርብ ዝምድና ያላት ሞክሲ የተባለች የልጆች ሮቦት 799 ዶላር ትሸጥ ነበር፤ ልጆችን የምታነጋግረውም ሩቅ ባለ ሰርቨር እየታገዘች ነበር። ሠሪዋ ኩባንያ ኢምቦዲድ በታኅሣሥ 2024 ገንዘብ አጥቶ መዘጋቱን ሲያስታውቅ፣ ወላጆች ለልጃቸው ወዳጁ መናገር እንደምታቆም የማስረዳት ዕዳ ወደቀባቸው። የሮቦቷ ሞተር አልተቃጠለም፤ ሽቦዋ አልተበጠሰም፤ ጉድለቱ በአካሏ ላይ አልነበረም። በኋላ ሮቦቷ በቤት ኮምፒዩተር እንድትታገዝ የሚያስችል ሶፍትዌር ለሕዝብ ተለቀቀ፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው መውጫ በር ቤቱ በእሳት ከተያያዘ በኋላ ሳይሆን ሲታነጽ መሠራት ነበረበት።

ሩቅ ሰርቨር ሌላም አደጋ አለው፤ ይኸውም የልጆች ምሥጢር ነው። በኅዳር 2015 ቪቴክ ከተባለው የሆንግ ኮንግ መጫወቻ ሠሪ መዝገብ የሚሊዮኖች ልጆች መረጃ ተሰረቀ፤ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ለመሠረተው ክስ ኩባንያው በ2018 የ650,000 ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። በየካቲት 2017 ደግሞ የጀርመን መንግሥት ማይ ፍሬንድ ካይላ የተባለችውን ተናጋሪ አሻንጉሊት እንደ ተሸሸገ የስለላ መሣሪያ ቈጥሮ ከገበያ አገዳት። ካሜራ የተሸከመ መጫወቻ የቤቱን ግድግዳ፣ የመኝታ ክፍሉንና የቤተሰቡን ፊት ያያል። ያየውን ከቤት የማያወጣ ከሆነ የሚሰረቅ ነገር አይኖርም።

ስለ ዓይን መሸፈኛው መሣሪያም አንድ ቃል ልበል። በተፈጥሮ ዓይኖቻችን ቅርብ ነገር ሲያዩ ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ በዚያው መጠንም የዓይን ሌንስ ይስተካከላል። በመሣሪያው ውስጥ ግን ምስሉ ቅርብ ወይም ሩቅ ቢመስልም ሌንሱ የሚያየው በአንድ በተወሰነ ርቀት ነው፤ ሁለቱ ስለሚቃረኑ ዓይን ይደክማል። የልጅ ዓይኖች መራራቅም ከአዋቂ ስለሚያንስ፣ ለአዋቂ የተሠራ መሣሪያ በልክ አይገጥማቸውም። ሜታ ዝቅተኛውን ዕድሜ 13 አድርጎ ቆይቶ በ2023 በወላጅ ቁጥጥር ሥር ወደ 10 ዝቅ አድርጎታል። የላቦ ሠሪዎች በ2019 የምናባዊ እውነታ ካርቶናቸውን ያለ ራስ ማሰሪያ ማውጣታቸው በበኩሌ ብልህነት ይመስለኛል፤ ልጁ በእጁ ደግፎ ስለሚያየው፣ ክንዱ ሲደክም ያወርደዋል። እንዲህ ያለው ቀላል መፍትሔ ከብዙ ማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ይበልጣል።

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ደንብ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። አንደኛ፣ መጫወቻው ስክሪኑ ጠፍቶም መጫወቻ ይሁን። ሌጎ በ2019 ሂድን ሳይድ በሚል ስም በስልክ መናፍስት የሚታዩባቸውን ቤቶች አወጣ፤ ሥራው ብዙ ሳይቆይ ቢቆምም ጡቦቹ ጡቦች ናቸውና ልጁ ሌላ ቤት ይሠራባቸዋል። ሁለተኛ፣ ትዝታው በዕቃው ላይ፣ ስሌቱ በቤት ውስጥ ይሁን፤ ሩቅ ሰርቨር ቢጨመር እንደ ጌጥ እንጂ እንደ ምሰሶ አይሁን። ሦስተኛ፣ ኩባንያው ሥራውን የሚያቆምበት ቀን ሲመጣ ዕቃውና ሶፍትዌሩ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ለሕዝብ እንዲገለጥ ከመጀመሪያው በውል ይጻፍ። አራተኛ፣ የልጁ ምስልና ድምፅ ከቤት አይውጣ።

እነዚህን ደንቦች ማክበር ወጪ እንደሚጨምርና ኩባንያዎች ከወር ወደ ወር የሚሰበስቡትን ክፍያ እንደሚያሳጣ አውቃለሁ። ዘመናዊ ጨዋታ ያለ ሩቅ ሰርቨር አይሆንም የሚሉም አሉ። ከሩቅ ጓደኛ ጋር ለመጫወት ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የጠረጴዛን ገጽ ለመለየት፣ ካሬን ለመከተልና ፍጡርን ለማቆም የስልኩ የራሱ አቅም እንደሚበቃ ሥራው ራሱ አስመስክሯል። ሰርቨሩ የሚጨመረው ብዙ ጊዜ ለልጁ ጥቅም ሳይሆን ለሻጩ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ለኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ምን ይነግረናል? የኢንተርኔት መስመር በሚቋረጥበት ቤት፣ ከሩቅ ሰርቨር የታሰረ መጫወቻ ገና ሳይዘጋ የተዘጋ ነው። እኛ ግን በእጃችን የቆየ ሀብት አለን። ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት ከአካባቢ ወደ አካባቢ የሚለያዩ ብዙ የአጨዋወት ዓይነቶችን መዝግበዋል። በገበጣው አራት ማዕዘን ላይ በወረቀት የታተሙ ምልክቶች ተለጥፈው፣ አንድ ስልክ ከላይ ቢመለከት፣ ልጅ አያቱ የሚያውቁትን አጨዋወት ከሌላ አካባቢ አጨዋወት ጋር እያነጻጸረ ሊማር ይችላል። ካሜራው ተደራርበው የተቀመጡትን ጠጠሮች መቁጠርም አያስፈልገው። መነሻው ከታወቀ፣ ከየትኛው ጉድጓድ እንደ ተነሣና ወደ የት አቅጣጫ እንደ ታደለ ማየት ይበቃዋል፤ የቀረውን ሕጉ ራሱ ያሰላዋል። ስሌቱ ሁሉ በስልኩ ውስጥ ይከናወናል። ስልኩ ሲጠፋ ደግሞ ገበጣው ገበጣ ነው፤ ጠጠሩም ጠጠር ነው፤ ጨዋታው ይቀጥላል።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ድልድዩ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ሳይናገር ሥራውን አያስረክብም። ከልጅ ጋር ወዳጅነት የሚመሠርት ዕቃ የሚሠራ መሐንዲስም ከዚህ ያነሰ ቃል ሊገባ አይገባውም። ልጅ ውልን አያነብም፤ የኩባንያን ሒሳብ አይመረምርም፤ በእጁ የያዘው ነገር ነገም እንደሚኖር ያምናል። ያንን እምነት የማክበር ኃላፊነት የእኛ ነው።